የፍራንክፈርቷ ጎልፍ ለምን ዝም አለች? ከባሕር ዳር የማርሚታ ሥራ ማስታወሻ

ጥር 14

ጥምቀት አልፎ ጋራዥ ከከፈትን ሁለተኛ ቀናችን ነው። ጠዋት አንድ ጋሼ ቀይ ጎልፍ ጂቲአይ ይዘው መጡ። የ2019 ሞዴል ናት፣ ባለ 2 ሊትር ተርቦ፣ ካምቢዮዋ ማኑዋል። ፍራንክፈርት ብዙ ዓመት ሠርተው ሲመለሱ ይዘዋት የገቡ ናቸው። ያኔ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ገና አልተከለከለም ነበር። ክልከላው የመጣው በ2016 ዓ.ም. ነው።

የመጡት በብልሽት አይደለም። "ድምፅ የላትም" አሉኝ። ስልካቸውን አውጥተው ቪዲዮ አሳዩኝ። የእህታቸው ልጅ ቨርጂኒያ ይኖራል፤ እሱም ያችኑ ጎልፍ፣ ያንኑ ዓመት ነው የሚነዳው። ቪዲዮው ላይ ሲያስነሳት ታገሳለች። የእሳቸው ስትነሳ ግን ጎረቤት ያለች የልብስ ስፌት መኪና ትመስላለች።

"ልጄ፣ ዝም ብለህ ማርሚታውን ቁረጥና አውጣልኝ" አሉ።

ማርሚታ የጭስ ማውጫውን ድምፅ የሚያፍነው ዕቃ ነው። መቁረጥ ቀላል ነው፤ በፍሌክስ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የተቆረጠን መመለስ ነው ከባዱ። "ጋሼ፣ መጀመሪያ ልስማት፤ ትንሽ ቀን ይስጡኝ" አልኳቸው። "እሽ" ብለው ቁልፉን ሰጡኝ።

ጥር 15

ጋራዡ ውስጥ ሁሉም የራሱ መልስ አለው። የካምቢዮ ሠራተኛው "አየሩ ነው፣ እዚህ ከፍታ ላይ ነን" አለ። በያጁ "ቤንዚኑ ነው" አለ። ተለማማጄ ደግሞ "የአሜሪካው ማርሚታውን አስቆርጦት ነው" ብሎ ደመደመ።

የቨርጂኒያውን ልጅ ደውዬ ጠየቅሁት። እኛ ጋ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን እነሱ ጋ እኩለ ቀን ነው። መኪናው ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፣ ምንም አልተነካም። ቪዲዮውን የቀረፀው ግን ጠዋት፣ በረዶ ባለበት ቀን፣ ሞተሩ ገና ሲነሳ ነው። ጋሼ የእሳቸውን የሰሙት ከቤት ነድተው ጋራዥ ሲደርሱ ነው። አንዱ ቀዝቃዛ፣ አንዱ ትኩስ።

ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው። ሞተር በብርድ ሲነሳ ካታሊስቱ ገና ስላልሞቀ ጭሱን ማጽዳት አይችልም። ኮምፒዩተሩ ቶሎ እንዲሞቅለት ዙሩን ከፍ ያደርግና የካንዴላውን እሳት ያዘገያል። ነዳጁ ዘግይቶ ሲቃጠል ሙቀቱ ወደ ጭስ ማውጫው ይወጣል፣ ድምፁም ይሻክራል። ሞተሩ ሲሞቅ ያ ሁሉ ይረግባል። ቀዝቃዛን ከትኩስ ማወዳደር የጠዋትን ጉሮሮ ከቀን ዘፈን ጋር እንደማወዳደር ነው።

ሌላም ችግር አለ። ስልክ ቪዲዮ ሲቀርፅ ድምፅ ሲበዛበት ራሱ ይቀንሳል፣ ሲያንስበት ይጨምራል። ስለዚህ በቪዲዮ ብቻ "ያችኛዋ ትበልጣለች" ማለት አይቻልም። ከዜሮ እንጀምራለን።

ጥር 16

ለእኔም ለቨርጂኒያው ልጅም አንድ ዓይነት አለካክ አወጣሁ። የራሴ ፈጠራ አይደለም፤ ለቆመ መኪና ዓለም የሚጠቀምበት ነው። ማይክሮፎኑ ከጭስ ማውጫው አፍ 50 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፣ በ45 ዲግሪ ወደ ጎን ይሆናል፣ ከፍታው ከአፉ እኩል ነው። ሞተሩ በደንብ ይሞቃል። ዙሩን ግን እኛው መርጠን በደቂቃ 3,000 ላይ እንይዘዋለን።

ተለማማጄ ከእንጨት ሦስት ማዕዘን ሠራ። አንዱን ጫፍ ከቱቦው አፍ ትይዩ ያስቀምጣል፣ ስልኩ ሌላው ጫፍ ላይ ይታሰራል። ቨርጂኒያ ያለው ልጅ በካርቶን ሠራ። ድምፁን ማሳነስና ማጉላት በማያውቅ የመቅጃ አፕ ቀዳን፣ በቴሌግራም እንደ ፋይል ተላላክን። በድምፅ መልእክት ቢላክ ኖሮ ይጨመቅ ነበር።

ማታ ቤት ሆኜ ሁለቱን በኮምፒዩተር ከፈትኳቸው። ፕሮግራሙ ድምፁን በቀጫጭን ዘንጎች ከፋፍሎ ያሳያል፤ ከግራ ወፍራሙ ድምፅ፣ ወደ ቀኝ ቀጭኑ። መጀመሪያ ያየሁት ነገር ደስ አሰኘኝ። ሁለቱም ጋ ረጅሙ ዘንግ 100 ሄርዝ (በሰከንድ መቶ ምት) ላይ ቆሟል። መሆንም ያለበት ይኸው ነው። 3,000 ዙር በደቂቃ ማለት 50 በሰከንድ ነው፤ ባለ አራት ፒስቶን ሞተር በአንድ ዙር ሁለቴ ይተኩሳል፤ 100 ይሆናል። ባሕር ዳርም ቨርጂኒያም ያው መቶ ነው። የድምፁ ቃና አገር አይቀይርም።

ልዩነቱ ከዚያ በላይ ነው። የአሜሪካዋ ከ400 ሄርዝ በላይ ገና ዘንጎቿ ቁመት አላቸው፤ እንደ ሸምበቆ ይደረደራሉ። የጋሼ መኪና ግን እዚያ ጋ እንደታጨደ ማሳ ዝቅ ብላለች። ጆሯችን "ታገሳለች" የሚለው ያንን ላይኛውን ክፍል ነው።

ጥር 17

የከፍታውን ነገር ማጥራት ፈለግሁ፤ የካምቢዮ ሠራተኛው አልተወኝም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛ ያህል ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ቤንዚኑን እስከ መጨረሻ ቢረግጡትም የሚስበው አየር ያነሰ ነው፤ ጉልበቱም የጭሱ ምትም ይቀንሳል። ያ ግን በድምፅ ሲመነዘር ሁለት ዴሲቤል ገደማ ነው። ጆሮ በጭንቅ ነው የሚለየው። ተርቦ ያለው ደግሞ አየር የሚገፋለት ተርቦው ፈጥኖ በመሽከርከር አብዛኛውን ያካክሳል። እኛ የለካነው ቆሞ፣ ጭነት ሳይኖረው ነው፤ ያኔ ሞተሩ የሚፈልገው አየር ትንሽ ስለሆነ ከፍታው ከቁጥር አይገባም።

ቤንዚኑም ቢሆን፣ ኦክታኑ (መንኳኳትን የመቋቋም አቅሙ) ዝቅ ሲል ኮምፒዩተሩ ሞተሩ እንዳይንኳኳ እሳቱን ያዘገያል፤ ይሄም ጭነት ሲበዛ እንጂ ቆሞ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱም ጓደኞቼ የተናገሩት ነገር እውነት ነው፤ የዚችን መኪና ዝምታ ግን አያስረዳም።

ጥር 18

እሑድ ቢሆንም ገባሁ፤ ሰፈሩ ጸጥ ሲል መስማት ይቀላል። መኪናዋን ጉድጓዱ ላይ አቆምኩና ባትሪ ይዤ ወረድኩ።

መጀመሪያ ያየሁት የእኛ አገር ሥራ ነው። መሃለኛው ቱቦ ስፒድ ብሬከር መትቶት ተጨፍልቋል። ክብ የነበረው እንደ እንቁላል ሆኗል። የኋላውን ማርሚታ ከያዙት ማንጠልጠያ ጎማዎች አንዱ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። ይሄ ድምፅን ያንቃል፣ ግን ላይኛውን ክፍል እንዲህ አድርጎ አያጭድም።

ወደ ፊት ሄድኩ። ከካታሊስቱ ቀጥሎ ሌላ ቆርቆሮ ያበጠ ነገር አለ። ከፊቱና ከኋላው ሁለት እስክሪብቶ የሚያካክሉ ቱቦዎች ወጥተው ወደ አንድ ሴንሰር ይሄዳሉ። የቨርጂኒያውን ልጅ ከሥር ፎቶ እንዲያነሳልኝ ጠየቅሁት። ሲልክልኝ ያ ነገር የለም። ካታሊስት አለ፣ ከዚያ ባዶ ቱቦ።

የቤንዚን ጥቀርሻ ማጣሪያ ነው። አገኘነው።

ጥር 19

ጋሼን ጠራኋቸው፤ ከማንጎው ሥር ቡና ተፈላ። እንዲህ አስረዳኋቸው።

ካታሊስት ውስጡ የማር እንጀራ ይመስላል። ቀዳዳዎቹ ከፊት እስከ ኋላ ክፍት ናቸው፤ ጭሱ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ማጣሪያውም የማር እንጀራ ነው፣ ግን እያንዳንዱ ቀዳዳ በአንድ በኩል ተደፍኗል። አንዱ በፊት፣ ጎረቤቱ በኋላ። ጭሱ መውጫ ሲያጣ በግድግዳው ጥቃቅን ቀዳዳ ሾልኮ ወደ ጎረቤት ይገባል። ጥቀርሻው ግድግዳው ላይ ይቀራል። ድምፅም አብሮ ይጣራል። ወፍራሙ ምት ያልፋል፤ ቀጭኑ፣ ሹሉ፣ የሚያስፈነድቀው ክፍል እዚያ ሸክላ ውስጥ ይሟሟል።

ለምን ጀርመን ያለችው ላይ ገብቶ አሜሪካ ያለችው ላይ ቀረ? አውሮፓ ጥቀርሻን በቁጥር ነው የምትቆጥረው። ነዳጅ በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚረጩ የቤንዚን ሞተሮች በኪሎ ሜትር ከ600 ቢሊዮን ቅንጣት በላይ መትፋት የለባቸውም። ሕጉ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአዲስ ሞዴሎች፣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ለሁሉም አዲስ መኪና ሆነ። ከዚያ በፊት የተፈቀደው አሥር እጥፍ ነበር። አሜሪካ ግን የምትመዝነው በቁጥር ሳይሆን በክብደት ነው። ያንን ያለ ማጣሪያ ማለፍ ይቻል ነበር። ስለዚህ ፋብሪካው ለአንዱ ሸክላውን አስገባ፣ ለሌላው ባዶ ቱቦ ሰጠ። ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። ቢኤምደብሊው ኤም2 ኮምፒቲሽን በአውሮፓ ማጣሪያ አለው፣ በአሜሪካ የለውም። ያን ጊዜ የነበረው ኤም3 ደግሞ ማጣሪያ ከሚገባለት ምርቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ቢቆም ተመርጧል።

በዚህ ላይ የድምፁ ሕግ ራሱ አለ። አውሮፓ ውስጥ አዲስ ሞዴል ሲፈተን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ይረገጣል፣ ማይክሮፎኖቹ ከመንገዱ መሃል 7.5 ሜትር ርቀው 1.2 ሜትር ከፍታ ላይ ይቆማሉ። ተለማማጄ በሜትር ለካው፤ ከበሩ መሃል እስከ ማንጎው ግንድ ነው። ለተራ የቤት መኪና የነበረው ጣሪያ 74 ዴሲቤል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 72፣ በ2020 ወደ 70፣ በ2024 ወደ 68 ወረደ። በፈተናው ፍጥነት ብቻ ዝም ብሎ ከዚያ ውጭ የሚጮህ መኪናም አይፈቀድም። አሜሪካ ለቤት መኪና እንዲህ ያለ አገር አቀፍ ጣሪያ የላትም፤ ግዛቶቹ ናቸው የሚወስኑት። የካሊፎርኒያው ለቆመ መኪና 95 ዴሲቤል ነው፣ እኛ በሠራነው ዓይነት አለካክ።

ጋሼ ስኒያቸውን አስቀምጠው ዝም አሉ። ከዚያ "ታዲያ እሱን አውጣው" አሉ።

አላወጣም አልኳቸው። ያ ጥቀርሻ ዓይን የማያየው ደቃቅ ነው፤ ሳንባ ድረስ ይገባል። ይቺ መኪና በየቀኑ ልጆች ከትምህርት ቤት በሚወጡበት መንገድ ታልፋለች። በዚያ ላይ ሴንሰሩ የግፊቱን ልዩነት ሲያጣ ኮምፒዩተሩ መብራት ያበራል፣ ሞተሩም ሊታፈን ይችላል። ድምፅ የምንፈልግ ከሆነ ከማጣሪያው ኋላ ያለውን እንንካ። ትንሽ ተከራከርን። በመጨረሻ ተስማሙ።

ጥር 20

የተጨፈለቀውን ቱቦ ቆርጠን ሁለት ኢንች ተኩል ስቴንለስ አስገባን። የተበጠሰውን ማንጠልጠያ ጎማ ቀየርን። በዚያው ስልክ፣ በዚያው እንጨት፣ 3,000 ላይ፦ በፊት 81 ዴሲቤል፣ አሁን 82 ተኩል። የስልክ ማይክሮፎን የላብራቶሪ መሣሪያ ስላልሆነ ቁጥሩን ብቻውን አላምነውም፤ የራሱን በፊትና በኋላ ለማወዳደር ግን ይበቃል።

ሌላም ነገር ነቀልን። መስታወቱ ሥር፣ ከፕላስቲኩ ክዳን በታች አንዲት ጥቁር ክብ ዕቃ አለች። ሳውንዳክተር ይሏታል። የመኪናውን አካል እያንቀጠቀጠች ውስጥ ለተቀመጠው ሰው የሞተር ድምፅ ትፈጥራለች። ጋሼ ውስጥ ሆነው ይሰሙት የነበረው ግማሹ እሷ ናት። ሥራው እስኪያልቅ ሶኬቷ ተነቅሎ ይቆያል፤ እውነተኛውን እንስማ።

ጥር 21

አስተርእዮ ማርያም ነው። ጋራዥ ዝግ።

ጥር 22

የኋላውን ማርሚታ መሥራት ጀመርን። የፋብሪካው ውስጡ ክፍልፋይ ነው፤ ጭሱ እየዞረ ይሄዳል። እኛ የምንሠራው ቀጥታ የሚያልፍ ነው። መሃሉ የተበሳሳ ቱቦ፣ ዙሪያውን የስቴንለስ ሱፍ፣ ከሱ ውጭ ፋይበር፣ ከላይ ላሜራ። ተለማማጄ ቀኑን ሙሉ በ3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ቱቦ ሲበሳ ዋለ። ቀዳዳው ትንሽ ሲሆን ፋይበሩ ተስቦ አይወጣም፤ ትልቅ ከሆነ በዓመቱ ማርሚታው ባዶ ቆርቆሮ ይሆናል።

እየበሳ ጠየቀኝ፦ "ግን አንድ ፋብሪካ፣ ያለ ማጣሪያም፣ ለሁለት አገር ሁለት ድምፅ ይሠራል?" ይሠራል። ሱባሩ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኢምፕሬዛ ኤስቲአይ ለዓመታት አሜሪካ የሚሸጠው ከሞተሩ ሁለት ጎን የሚመጡት ቱቦዎች ርዝመታቸው እኩል አልነበረም። ጃፓን የሚሸጠው እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ እኩል ሆነ፤ ተርቦው ሌላ ዓይነት ስለነበር። አራት ከበሮ መቺዎችን አስብ። ሁሉም በእኩል ልዩነት ይመታሉ። ሁለቱ ግን ከሩቅ ስለሆኑ ድምፃቸው ዘግይቶ ይደርስሃል። ምቱ ይወላገዳል፤ ዱ-ዱም፣ ዱ-ዱም። ያ ነው ሰው የሚወድለት የሱባሩ ጉርምርምታ። ቱቦው እኩል ሲሆን ከበሮው ይስተካከላል፣ ጉርምርምታውም ይጠፋል። የሞተሩ አተኳኮስ ያው ነው፣ መንገዱ ነው የተለየው።

ልጁ መሰርሰሪያውን አቁሞ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ገብቶታል።

ጥር 24

ማርሚታው በአርጎን ተበየደ። ከመኪናው አውርደን ነው የበየድነው፤ ኮምፒዩተር የበዛበት መኪና ላይ ኤሌክትሪክ ብየዳ አላስነካም።

ገጥመን ስናወርዳት ካ-ካ የሚል ብረት ድምፅ መጣ። የእኔ ጥፋት ነው። ልኬቱን የወሰድኩት የመኪናዋ ጎማዎች ከመሬት ተነስተው ተንጠልጥለው ሳለ ነው። መኪናው መሬት ሲረግጥ የኋላ እግሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቱቦውን ይነካል። ግማሽ ቀን ጠፋ። ማንጠልጠያውን ፈትቼ መኪናዋ በክብደቷ እንደቆመች እንደገና ለካሁ፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ዝቅ አለ።

3,000 ላይ 85። ዘንጎቹም ከ400 በላይ ቀና ብለዋል። የአሜሪካዋ ያህል አይደሉም፤ ግን ታጭደው የነበሩት በቅለዋል።

ጥር 25

ከጋሼ ጋር በጎንደር መንገድ እስከ ሐሙሲት ነዳናት። አዲሱን የዓባይ ድልድይ ስንሻገር መስኮቱን ከፈቱ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ረገጥ ሲያደርጉ ከኋላ የመጣው ድምፅ ሞልቶ ነው፤ ክብ፣ ሳይጮህ። ፈገግ አሉ።

ከድልድዩ ማዶ ግን ሌላ ነገር መጣ። 2,400 ዙር ላይ ጸንተን ስንሄድ መኪናው ውስጥ "ሁምምም" የሚል ጆሮ የሚደፍን ድምፅ ይሞላል። ከዚያ በታችም በላይም ይጠፋል። አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የታገሥነው። ሐሙሲት ስንደርስ ጋሼ ራሳቸውን ያዙ። "ይሄንን ይዤ ጎንደር አልሄድም" አሉ። ልክ ናቸው።

ጥር 26

2,400 ዙር ማለት 80 ሄርዝ ነው። የማርሚታው ድምፅና የመኪናው ውስጥ አየር አንድ ላይ የሚርገበገቡበት ቦታ ነው። መድኃኒቱ ጫፉ የተደፈነ ቱቦ በጎን መበየድ ነው። የድምፁ ሞገድ ገብቶ የተደፈነውን ጫፍ መትቶ ሲመለስ በግማሽ ሞገድ ዘግይቶ ይደርሳል። ከውጭ ያለው ሲገፋ እሱ ይስባል፤ ይጠፋፋሉ። ለዚያ ቱቦው የሞገዱ ሩብ ርዝመት ሊኖረው ይገባል።

እዚህ ጋ ሙቀቱን መርሳት አይገባም። በቤት አየር ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ኋላ ቱቦ ውስጥ ጭሱ 200 ዲግሪ ቢሆን ግን 440 ገደማ ነው። 440 ለ80 ሲካፈል 5 ሜትር ተኩል፤ ሩቡ 1 ሜትር ከ37። በቤት አየር ብናሰላ 1 ሜትር ከ6 ሳንቲ ሜትር እንቆርጥ ነበር፣ ምንም አይሠራም ነበር።

ቆርጦ መቀጠል ስለማይመች 1.45 ቆረጥን። በማርሚታው ጎን ሲታጠፍ እንደ ሽማግሌ ከዘራ ሆነ። ክዳኑን በነጥብ ብቻ በየድነው።

ጥር 27

ሦስት ጊዜ ነዳሁ፣ ሁለት ጊዜ ቆረጥኩ። 1.45 ላይ ሁምታው ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም። 1.40 ላይ ጠፋ ማለት ይቻላል። እዚያው ክዳኑን ዙሪያውን በየድኩ። ውጭ የሚሰማው 85 አልተነካም፤ የጠፋው ውስጥ የነበረው ነው።

ጥር 28

ሳውንዳክተሩ ይመለስ ወይ ብዬ ጋሼን ጠየቅኳቸው። ሶኬቱን ራሳቸው ያዙ፣ አዩት፣ "ይቅር" ብለው መለሱልኝ። ዕቃዋን በላስቲክ ጠቅልለን ዳሽቦርድ ውስጥ አስቀመጥንላቸው።

የመጨረሻውን ቅጂ ለቨርጂኒያው ልጅ ላክሁለት፤ ትኩስ ሞተር፣ 45 ዲግሪ፣ 50 ሳንቲ ሜትር። ማታ ደወለ። "የእኔ ሹል ነው፣ የእናንተ ወፍራም ነው" አለ። ከዚያ የከዘራውን ቱቦ ልኬት ጠየቀኝ፤ የጓደኛው መኪና አውራ ጎዳና ላይ ሁምታ አለበት። በስንት ዙር እንደሆነ ለክቶ እንዲልክልኝ ነገርኩት።